ሁለት ቀን ለአዲስ አበባ፤ ምን እንይ?

ባለፈው ሳምንት ማታ በተደረገው የክፍላችን ስብሰባ የተገኘ ሁሉ እንደሚያስታውሰው ጉዳያችን አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወደ አዲስ አበባ ለምናደርገው የጉብኝት ጉዞ የሚታዩትን ሥፍራዎች መምረጥ ነው። ከመንገዱ የሚተርፈን ጊዜ ሁለት ቀን ነው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፉት ሥፍራዎች ግን አሥራ አራት ነበሩ፤ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ እንጦጦ፣ የሳይንስ ሙዚየም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አንዋር መስጊድ፣ መርካቶ፣ የአፍሪካ አዳራሽ፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምና ቦሌ። አንዱ ተነሥቶ «ሁሉንም እንይ» አለ። ሌላዋ «እኔ ለእንጦጦ ብዬ ነው የተመዘገብሁት» አለች። ሦስተኛው «ፎቶግራፍ የማያምርበት ቦታ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ጠየቀ። ጩኸቱ በረታ፤ ሰዓቱ መሸ፤ ስብሰባውም ያለ ውሳኔ ለሚመጣው ሳምንት ተላለፈ።

በዚያ ሁካታ መካከል እጄን አውጥቼ ነበር፤ ነገር ግን ተራ አልደረሰኝም። ስለዚህ ያን ጊዜ ልናገር የፈለግሁትን ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ጓደኞቼም መምህራኖቻችንም ከስብሰባው በፊት አንብበው እንዲፈርዱልኝ እለምናለሁ።

«ይህ እኮ የሽርሽር ነገር ነው፤ ለማኅበራችን ጋዜጣ የሚበቃ ጉዳይ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ለጉዞው የምናዋጣው ገንዘብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የአንዱ አባት ፍየል ሸጦ የሰጠው ነው፤ የሌላዋ እናት በመርሳ ገበያ ማንጎና ፓፓያ ሸጣ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመችው ነው። ከወልድያ እስከ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱም ቢሆን ባሰኘን ቀን ተነሥተን የምንሄድበት አይደለም። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ ጦርነት ከተማችንን ረግጦ እንዳለፈ፣ ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ወዲህም ከቤት የወጣ ተማሪ እስኪመለስ ድረስ እናቱ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ሁላችን እናውቃለን። ከመካከላችን ብዙዎቹ አዲስ አበባን የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለአንዳንዱም የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ባለ ዋጋ የተገዛ ሁለት ቀን በጩኸት ሊከፋፈል አይገባውም።

ይህን የምለው ከስሕተቴ ተምሬ ነው። እኔ አዲስ አበባን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይልቁንም አይቻለሁ ብዬ አምኜ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። አስጎብኝ ነኝ ያለን ሰው በአንድ ቀን ዘጠኝ ቦታ ሊያሳየን ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። መኪናው ይቆማል፤ «ዐሥር ደቂቃ!» ይላል፤ እንወርዳለን፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ «ፍጠኑ!» ይላል፤ እንሳፈራለን። ማታ በዐልጋዬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልቈጥር ብሞክር የአንዱ በር ከሌላው አጥር ጋር ተደባለቀብኝ።

ወደ ሀብሩ ስመለስ አያቴ በደጃፉ ተቀምጣ ቆየችኝ። ሳመችኝና «ደኅና ገባህ ልጄ? አገሩ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ትልቅ ነው እምዬ፤ ሕንፃው ሰማይ ይነካል» አልኋት።

«የጃንሆይን ግቢ አየኸው?»

«በአጠገቡ አልፈናል እምዬ፤ ጊዜ አልበቃንም።»

ጥቂት ዝም አለችና እንዲህ አለችኝ፤ «በ66ቱ ክፉ ቀን እኛ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠን ‹ጃንሆይ ይሰሙ ይሆን?› እንባባል ነበር። ቤታቸው እንዴት ያለ እንደሆነ፣ ጩኸት የሚደርስበት እንደሆነ እንድትነግረኝ ብዬ ነው።» ፊቴ እንደ ተለወጠ ባየች ጊዜ ደግሞ «አብሽር፤ ሌላ ጊዜ ታየዋለህ» ብላ አጽናናችኝ።

አያቴ ያልተማረች ሴት ናት። ነገር ግን እኔ ዘጠኝ ቦታ ዙሬ ያልያዝሁትን ነገር እርስዋ ከደጃፏ ሳትነሣ ይዛው ነበር፤ ይኸውም ጥያቄ ነው። ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው አንድ ቤት አይቶ ይመለሳል፤ ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ግን ከተማውን ሁሉ አይቶ ባዶውን ይመለሳል።

እንግዲህ በስብሰባው ላይ የተሰሙትን መለኪያዎች እንመርምር። አንደኛው ዝና ነው፤ «ሁሉም የሚሄድበት ቦታ» የሚባለው። ሁሉም የሄደበትን ቦታ እኛ ብንሄድበት የምናመጣው ሁሉም ያመጣውን ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ብዛት ነው፤ ስለ እርሱ የኔ ሚኒባስ ይመስክር። ሦስተኛው አዲስነት ነው። በእውነቱ በከተማዋ አዲስ ነገር ሞልቷል፤ አንድነት ፓርክ በ2012፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013፣ የሳይንስ ሙዚየም በ2015፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ. ም. ተከፍተዋል። በዚያው በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ አሮጌ ሠፈር ፈርሷል። አዲሱ ነገር ነገም ይጠብቀናል፤ አሮጌው ግን ላይጠብቀን ይችላል። አዲስነት ብቻውን መለኪያ ሊሆን የማይችለውም ስለዚህ ነው።

በበኩሌ ሌሎች ሦስት መለኪያዎች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሥፍራዎቹ በእግር የሚያያዙ ይሁኑ፤ በመኪና ውስጥ የሚያልቅ ቀን የጉብኝት ቀን አይባልም። ሁለተኛ፣ ነገሩ የተተረከበትን ቤት ሳይሆን ነገሩ ራሱ የሆነበትን ቤት እናስቀድም። ሦስተኛ፣ ከያንዳንዱ ሥፍራ ጋር እኛ የወሎ ልጆች የሚያገናኘን ጥያቄ ይኑረን። ይህ ጐሠኝነት አይደለም፤ ሰው ሩቁን የሚረዳው ከሚያውቀው ተነሥቶ ነውና።

በነዚህ መለኪያዎች የመጀመሪያው ቀን ራሱን በራሱ ይመርጣል። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ በኩል ስድስት ኪሎ የሚደርሰው መንገድ ያለ ድካም በእግር የሚወጣ ነው። ነገር ግን የመቶ ዓመት ታሪካችን ግማሹ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ተቀምጧል።

ጠዋት ከአራት ኪሎ እንጀምር። በአደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱበት የድል ቀን መታሰቢያ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በጥቅምት 1993 ዓ. ም. ያረፈው እዚህ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ሌሊት ደርግ ያለ ፍርድ የገደላቸው 60 ሹማምንትና መኰንኖች ዐፅማቸው የተሰበሰበውም በዚሁ ግቢ ነው። ንጉሡና አገልጋዮቹ፣ አርበኛውና ሚኒስትሩ በአንድ ግቢ ተኝተዋል። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስትም እዚያው አለች። እኛ ጋዜጣ የምናዘጋጅ ተማሪዎች በመቃብሯ አጠገብ ቆም ብንል የሚገባን ነው። አዲስ አበባ በጠላት እጅ በወደቀችበት በ1928 ዓ. ም. በሎንዶን አንድ ጋዜጣ አቋቁማ ዓለም ዝም ባለ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ትጮህ የነበረች ሴት ናትና።

ከዚያ ሽቅብ ወደ አምስት ኪሎ ብንሄድ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ድንቅነሽን ለማየት የማይጓጓ የለም። በአዳራሹ የሚታየው ግን አምሳያዋ ነው፤ እውነተኛው ዐፅም ለጥንቃቄ ተቈልፎ ይቀመጣል። ታዲያ ነገሩ ራሱ ያለበትን እናስቀድም ካልሁ ይህን ለምን አስገባሁት? አንደኛ በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ነው። ሁለተኛም ድንቅነሽ ጎረቤታችን ስለሆነች ነው። የተገኘችበት ሐዳር ዛሬ በዐፋር ክልል ቢሆንም በዚያ ዘመን የወሎ ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበር። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የተቀበረች ፍጥረት ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ. ም. ከአፈር ወጣች። ጓደኞቼ ሆይ፣ ቀኑን አስተውሉ። ስድሳዎቹ በተገደሉ በማግሥቱ ማለት ነው። በአንድ ቀን ልዩነት በአዲስ አበባ አንድ ጕድጓድ ተከደነ፤ በወሎ ቈላ ደግሞ ሌላው ተከፈተ። ቅድስት ሥላሴንና ሙዚየሙን በአንድ ጠዋት በእግሩ ያያያዘ ተማሪ ይህን አይረሳውም። በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው የተወረወረ ግን ሁለቱ በአንድ ሳምንት የሆኑ መሆናቸውን እንኳ አያውቅም።

ከቀትር በኋላ ስድስት ኪሎ እንደርሳለን። በሁለቱ ቀን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው። በአደባባዩ መካከል የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። አልፈን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ብንገባ የቀድሞውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እናገኛለን። የዚህን አንድ ቤት ታሪክ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በመጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር። ጠላት ከተማውን ሲይዝ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚሁ ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ከዚያም የሦስቱ ቀን እልቂት መጣ። ፋሽስቶች ለዘመናቸው ቍጥር ዓመቱን በደረጃ እየለኩ የሠሩት ጠመዝማዛ መሰላል እስከ ዛሬ ከቤቱ ፊት ቆሟል፤ ከድል በኋላ ግን በጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከነጻነት በኋላ ቤቱ እንደገና የንጉሠ ነገሥቱ ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ. ም. መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ በዚሁ ቤት ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለቀቁና ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በውስጡ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። የሙዚየሙ ዕቃ የተደረደረው እንደ ሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደት ይጀምርና በጕልምስና አልፎ በሞት ይጨርሳል። በየዕለቱ በቤታችን የምናየው ማሲንቆና አገልግል፣ ክታብና ዘንቢል እዚያ በመስተዋት ውስጥ በክብር ተቀምጦ ስናየው፣ የናቅነው ነገር የሚጠና ነገር መሆኑን እንማራለን።

አሁን ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። ወሎ በራበበት በ1965 እና በ1966 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ የሚኖሩት በዚህ ቤት አልነበረም፤ ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከተዛወሩ ቈይተው ነበር። ይህ እነርሱ የለቀቁት ቤት ግን ሰማ። በ1965 ዓ. ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ሄደው የረኃቡን ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱና በግቢው አሳዩ፤ ተማሪውም ሰልፍ ወጣ። ከዚያ አስቀድሞ በየካቲት 1957 ዓ. ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣው፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ. ም. የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በተገደለ ጊዜ በሬሳው ዙሪያ የተሰበሰበው ይኸው የስድስት ኪሎ ተማሪ ነበር። እንግዲህ ለአያቴ የምሰጣት መልስ ይህ ነው፤ «እምዬ፣ ጃንሆይ የኖሩበት ቤት አልሰማም፤ ጃንሆይ ለትምህርት የሰጡት ቤት ግን ሰማ።» ይህን መልስ ከመጽሐፍም ላገኘው እችል ይሆናል። ነገር ግን ቤቱን አይቶ፣ ደረጃውን ረግጦ፣ በሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለክቶ የሚነግራት ሰው ትፈልጋለች። መስማትና ማየት አንድ አይደሉምና።

ሁለተኛውን ቀን መምረጥ ከባድ ነው። እዚህ ላይ እውነተኛ ክርክር አለና በቅንነት ላስቀምጠው። ጠዋቱን ለአንድነት ፓርክ እንስጠው ወይስ ለዓድዋ ድል መታሰቢያ? ሁለቱንም በሩጫ ማየት ወደ ሚኒባሱ መመለስ ነው።

ለዓድዋ የሚከራከሩ ጓደኞቼ ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. የተገኘው ድል የሁላችን ነው፤ የጥቁር ሕዝብም ሁሉ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ላስታውሳቸው። የዓድዋ ነገር የተጀመረው በፒያሳ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ምኒልክና አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት በእኛ ደጃፍ ነው፤ ከመርሳ ወደ ደሴ ሲወርዱ በሚገኘው በውጫሌ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ። በአማርኛው አንቀጽ 17 «ይቻላቸዋል» የሆነው በጣልያንኛው «ግድ ነው» ሆኖ ተገኘ፤ ጦርነቱም ከዚያ መጣ። ክተት በታወጀ ጊዜም ሠራዊቱ እንዲከትበት ከተቀጠሩት ቦታዎች አንዱ ወረኢሉ ነበር፤ እርሱም ወሎ ነው። የፒያሳውን ሙዚየም «ዜሮ ኪሎ ሜትር» ይሉታል። ለዓድዋ መንገድ ግን ዜሮው ኪሎ ሜትር የኛው ውጫሌ ነው። አውቶቡሳችን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በግድ በውጫሌ ያልፋል። በዚያ አንድ ሰዓት ብንቆምና ከታሪክ መምህራኖቻችን አንዱ ስለ አንቀጽ 17 ቢያስረዱን፣ ለመግቢያ አንድ ሳንቲም ሳንከፍል የዓድዋን ሥር አየን ማለት ነው። ከመካከላችን ስንቱ ነው በውጫሌ በኩል ሃያ ጊዜ አልፎ አንድ ጊዜ እንኳ አንገቱን ያላዞረው? እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ስለዚህ ጠዋቱን ለአንድነት ፓርክ እንስጠው እላለሁ፤ ለአዲሱ ጌጡ ሳይሆን ለአሮጌው ቤት። ይህ የምኒልክ ግቢ ነው። ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ዙፋን ቤቱ፣ የንጉሡ ጸሎት ቤት ያለው እዚህ ነው። ስድሳዎቹ ከመገደላቸው በፊት ታስረው የነበረው በዚህ ግቢ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በእስር የቈዩትና በነሐሴ 1967 ዓ. ም. ሕይወታቸው ያለፈው በዚህ ግቢ ነው። ደርግም የተቀመጠው እዚያው ነው። በ1977ቱ ረኃብ ጊዜ ወሎ ዳግመኛ ሲያልቅ ትእዛዝ ይወጣ የነበረው ከዚያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ስለ እኛ የሚወሰነው ነገር ከዚህ አጥር ውስጥ ሲወጣ ኖሯል፤ እኛ ግን አጥሩን ከውጭ ብቻ ነበር የምናየው። በሩ ለሕዝብ ከተከፈተ ልንገባበት ይገባናል። ስንገባም አንበሳውንና አበባውን ብቻ ሳይሆን የግብር አዳራሹን ስፋት እንመልከት፤ እዚያ ይበላ የነበረው ከየትኛው ገበሬ ጐተራ የመጣ እንደሆነም እንጠይቅ።

ከቀትር በኋላ ወደ መስቀል አደባባይ ወርደን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምን እንይ። ቤቱ በ2002 ዓ. ም. የተከፈተ ነው፤ አደባባዩ ግን ነገሩ ራሱ የሆነበት ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ. ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ እየሰበረ ሽብሩን ያወጀው በዚህ አደባባይ ነው። በሙዚየሙ ውስጥ የተገደሉት ሰዎች ፎቶግራፍ በግድግዳው ሙሉ ተሰቅሏል፤ ከጅምላ መቃብር የወጣው ዐፅማቸውና ልብሳቸው አለ። ፎቶግራፎቹን ስትመለከቱ አብዛኞቹ የኛን ዕድሜ መሆናቸውን ታያላችሁ። ትናንት በስድስት ኪሎ ስለ ወሎ ረኃብ ጮኸ ያልነው ትውልድ መጨረሻው ይህ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ. ም. ማታ የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። በእኛ እናቶች ረኃብ ስም ሥልጣን የያዘ መንግሥት ስለዚያ ረኃብ የጮኹትን ልጆች ገደለ። እርስ በርስ የተገዳደሉም ነበሩ። ይህን ያላየ ተማሪ የትናንቱን የስድስት ኪሎ ጉብኝት በግማሽ ትቶታል፤ መጮኹን አይቶ ምን እንዳስከተለ አላየምና። ዛሬ የሐሳብ ልዩነት በጥይት በሚፈታበት ዘመን የምንኖር ወጣቶች ከዚህ ቤት የምንማረው ነገር እንደሌለ የሚነግረኝ ካለ ይምጣ።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ሞትና መቃብር ነው፤ እኛ ወጣቶች ነን፤ ደስታም ያምረናል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኔም ያምረኛል። ወዳጅነት ፓርክ ከቤተ መንግሥቱ የሚርቅ አይደለም፤ ምሽቱን እዚያ ገብተን መብራቱንና ውሃውን እያየን እንጫወት፤ ፎቶግራፍም እንነሣ። የኔ ክርክር ደስታ ይቅር የሚል አይደለም፤ ቀኑ ለትምህርት፣ ምሽቱ ለጨዋታ ይሁን የሚል ነው።

ሁለተኛው ከአንድ መምህራችን የሰማሁት ነው፤ «ላሊበላን ያላያችሁ ልጆች አዲስ አበባ ምን ያስኬዳችኋል?» ይላሉ። ይህ ተግሣጽ ይገባናል። በ1970 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 አብያተ ክርስቲያናት በዞናችን ውስጥ ሆነው፣ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ሲያያቸው፣ ከመካከላችን ስንቱ በፎቶግራፍ ብቻ ያውቃቸዋል? የየጁው ዳናም እንዲሁ፤ ከሩቅ አገር ደረሳ ይመጣበት የነበረ ታላቅ የእስልምና ትምህርት ማዕከል እንደ ነበረ የማያውቅ የሀብሩ ልጅ አለ። ነገር ግን አንዱ በሌላው አይተካም። ላሊበላ አባቶቻችን ምን ሊሠሩ እንደቻሉ ያሳየናል፤ አዲስ አበባ ደግሞ የተገዛንበትን መንገድ ያሳየናል። ለተማሪ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ስለዚህ መምህሬን የምለምናቸው ይህን ጉዞ እንዲያስቀሩት ሳይሆን የሚቀጥለውን የላሊበላ ጉዞ እንዲመሩልን ነው።

ሦስተኛው «መርካቶን ያላየ አዲስ አበባን አላየም» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ጓደኞቼ ጫማና ልብስ ለመግዛት እንዳሰቡ አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ሆኖም ስድሳ ተማሪ በሰልፍ ይዞ መርካቶ መግባት ስድሳውን መበተን ነው። የሚገዛ ካለ ከመመለሻችን በፊት በማለዳ ሦስት አራት ሆኖ ይሂድ።

አንዋር መስጊድንና ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የአፍሪካ አዳራሽንና እንጦጦን መተዋችን ያሳዝነኛል። በተለይ በ1955 ዓ. ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትን፣ የአፈወርቅ ተክሌ ታላቅ የመስተዋት ሥዕል ያለበትን አዳራሽ መተው ከባድ ነው። ነገር ግን መምረጥ ማለት መተው ነው። ምንም ሳይተው መረጥሁ የሚል ሰው አልመረጠም።

እንግዲህ ለሚመጣው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሂያጁ መንገድ በውጫሌ አንድ ሰዓት እንቁም። የመጀመሪያውን ቀን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር እንጓዝ። የሁለተኛውን ቀን ጠዋት ለምኒልክ ግቢ፣ ከቀትር በኋላውን ለቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም እንስጥ። ለያንዳንዱም ሥፍራ አምስት አምስት ተማሪ አስቀድሞ አንብቦ ይዘጋጅና ለጓደኞቹ ያስረዳ፤ «ፍጠኑ» የሚል አስጎብኝ አንቀጥር። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት ወደ ቤቱ ይሂድና ከቤተ ሰቡ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ይቀበል። «አዲስ አበባ ስሄድ ምን ላይልዎ?» ብሎ ይጠይቅ። ያን ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ሲመለስም መልሱን በዚህ ጋዜጣ ላይ ይጻፍ። ፍየል የሸጠ አባትና ማንጎ የሸጠች እናት ለገንዘባቸው ቢያንስ አንድ መልስ ይገባቸዋል።

ይህ የኔ አስተያየት ነው። የተሻለ ሐሳብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው ቍጥር ይጻፍ፤ ካሳመነኝ እጄን ለእርሱ አወጣለሁ። ነገር ግን እባካችሁ አሥራ አራት ሥፍራ የተጻፈበትን ጥቁር ሰሌዳ አጥፍተን እንደገና እንጀምር።

አንድ የሀብሩ ተማሪ